ኦቨርድራፍት ፕሮቴክሽን ምንድን ነው? «ኖ ብያለሁ» የሚለው መተማመኛ እስከምን ድረስ ነው?

ኦቨርድራፍት ማለት አካውንት ውስጥ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቼኪንግ አካውንት (የዕለት ተዕለት ወጪ የሚወጣበትን የባንክ ሂሳብ) ሊከፍት ለተነሳ አበሻ የሚሰጠው ምክር ባብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው «ኦቨርድራፍት ፕሮቴክሽን ያለውን ምረጥ፤ ካርድህ ሰው ፊት አያሳፍርህም፣ ደግሞ ነጻ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ኦቨርድራፍቱን ኖ በል፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ሳንቲም አይቆርጡብህም» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ስህተት ባንኩ በየወሩ የሚልከው የሂሳብ ዝርዝር፣ ስቴትመንቱ፣ ራሱ ቶሎ ያርመዋል። የሚያናድደው ሁለተኛው ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ሰው አምኖት ይተኛል፤ ከዚያ የቤት ኪራይ በወጣበት ቀን 35 ዶላር ሲቆረጥበት ባንኩ ሰረቀኝ ይላል። ባንኩ ግን ያደረገው ሕጉ የፈቀደለትን ነው።

ቼኪንግ ከሴቪንግ በምን እንደሚለይና አካውንት ለመክፈት ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ እዚህ አልገባበትም። ጥያቄው አንድ ነው፦ አካውንታችሁ ውስጥ ካለው በላይ የሆነ ክፍያ ሲመጣ ባንኩ ምን ያደርጋል? አካውንት ስታወዳድሩ ከወርሃዊ ክፍያው ቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው።

በዚህ አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። አንደኛው ከራሳችሁ ሴቪንግ አዛውሮ ጎደሎውን የሚሞላ ነው። አንዳንድ ባንኮች ለማዛወሪያው ያስከፍላሉ፣ ብዙዎቹ ትተውታል። ሁለተኛው ላይን ኦፍ ክሬዲት ነው። ክሬዲታችሁ ታይቶ የሚፈቀድ ብድር ሲሆን ወለድ ይታሰብበታል። ዓመታዊ ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን፣ 100 ዶላር ለ10 ቀን ተበድራችሁ የምትከፍሉት ወለድ 49 ሳንቲም ገደማ ነው። ሦስተኛው ባንኩ ሲፈልግ ጎደሎውን ከራሱ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍያ የተቆረጠ ዋጋ የሚያስከፍልበት ነው። ሕጋዊው ፎርም ላይ «ስታንዳርድ ኦቨርድራፍት ፕራክቲስ» ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። «ፕሮቴክሽን አለው፣ ነጻ ነው» የሚለው መካሪ የሚያወራው ስለ አንደኛው ይመስለዋል፤ ሰሚው ሄዶ የሚፈርመው ግን ሦስተኛውን ነው።

ይህን ሦስተኛውን ለመረዳት ዱቤ የሚሰጥ የሰፈር ባለሱቅን አስቡ። ይህ ባለሱቅ ግን ለአንድ ማንኪያ ስኳርም ለአንድ ኩንታልም በደብተሩ ላይ የሚጨምርባችሁ እኩል 35 ብር ነው። እሰጣለሁ ብሎ ቃልም አልገባም፤ ዛሬ ሰጥቶ ነገ «አይሆንም» ቢል ማንም አይጠይቀውም። ደሞዛችሁ በእሱ ሱቅ በኩል ስለሚያልፍ ደግሞ ገና እጃችሁ ሳይገባ ያለውን ዕዳ ከነጭማሪው ያነሳል። ዕዳው የማይመለስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ጭማሪው ግን ዕዳው ፈጽሞ እንደማይመለስ ሆኖ የተተመነ ነው። የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ሲኤፍፒቢ፣ በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) እንዳሳየው ከዴቢት ካርድ ኦቨርድራፍት ክፍያዎች አብዛኞቹ የመጡት 24 ዶላር ወይም ከዚያ በታች በሆነ ግዢ ነው፤ አብዛኛው ጎደሎም በሦስት ቀን ውስጥ ተከፍሏል። 24 ዶላር ለሦስት ቀን ተበድሮ 34 ዶላር የከፈለ ሰው፣ ሂሳቡ በዓመታዊ ወለድ ሲሰላ 17,000 በመቶ ይደርሳል።

አሁን ወደ «ኖ» እንመለስ። ሬጉሌሽን ኢ በሚባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ከ2010 ክረምት ጀምሮ ባንኮች አስቀድመው ፈቃድ («የስ» ወይም «ኖ» የሚባለው ለዚሁ ነው) ሳያገኙ በሁለት ነገሮች ላይ የኦቨርድራፍት ክፍያ መቁረጥ አይችሉም፦ ከኤቲኤም በሚወጣ ገንዘብ እና በዴቢት ካርድ በሚደረግ የአንድ ጊዜ ግዢ። ደንቡ የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው። የወረቀት ቼክ አልተካተተም። በአካውንት ቁጥርና ባንኩን በሚለየው የራውቲንግ ቁጥር የሚሳብ ክፍያ፣ ማለትም ኤሲኤች፣ አልተካተተም። በካርዳችሁ ላይ በየወሩ ራሱን የሚደጋግም ክፍያም፣ የጂምም ሆነ የስልክ፣ አልተካተተም።

ወደ ባለሱቁ ስንመለስ፣ «ሱቅ ድረስ ለመጣ የቤቴ ሰው ዱቤ እንዳትሰጥ» ብላችሁታል፣ እሱም ቃሉን ጠብቋል። በየጠዋቱ በር ላይ እንዲቀመጥ በኮንትራት ያዘዛችሁት ወተት ግን አልተነካም። ወተቱ ይመጣል፣ ደብተሩ ላይም ይጻፋል። «ዱቤ አትስጥ ብዬው ነበር» ብትሉት፣ ያላችሁት ሱቅ ስለሚመጣው ሰው ነው።

ለእኛ ሰው ይህ ልዩነት የት ላይ እንደሚነካ ልብ በሉ። ኪራይ በአከራዩ ድረ ገጽ በአካውንት ቁጥር የሚከፈል ከሆነ ኤሲኤች ነው። የመኪና ኢንሹራንስና መብራትም እንዲሁ። ወደ አገር ቤት ገንዘብ በሚላክበት መተግበሪያ ላይ ከባንክ አካውንት በቀጥታ እንዲሳብ የመረጠ ሰው የሚልከው በኤሲኤች ነው፣ ስለዚህ «ኖ» ማለቱ አይጠብቀውም። እዚያው መተግበሪያ ላይ ዴቢት ካርዱን ያስገባ ሰው ግን የአንድ ጊዜ የካርድ ግዢ ስለሚሆንለት ይጠብቀዋል። መተግበሪያው አንድ፣ የሚላከው 200 ዶላር አንድ፣ በጎደለ ቀን የሚደርሰው ግን የተለያየ ነው።

ባንኩ ኤሲኤቹን ወይም ቼኩን ላለመክፈል ቢወስን ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ክፍያ ሌላ ስም አለው፣ ኤንኤስኤፍ («በቂ ገንዘብ የለም» እንደማለት) ይባላል። ትልልቆቹ ባንኮች አብዛኞቹ ትተውታል፤ በትናንሽ ባንኮችና በአንዳንድ ክሬዲት ዩኒየኖች ግን አሁንም አለ። እዚህ ላይ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይመጣል፦ በስንቅ ማነስ (አካውንቱ ውስጥ በቂ ገንዘብ ባለመኖሩ) የተመለሰ ኤሲኤች በኤሲኤች ኔትወርክ ደንብ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሊላክ ይችላል። በየሙከራው የሚያስከፍል ባንክ ከሆነ አንዱ ኪራይ ሦስት ጊዜ ሊያስቀጣ ነው፣ የአከራዩ የመዘግየት ቅጣት ሳይቆጠር። ስለዚህ ፊ ስኬጁሉን፣ የባንኩን የክፍያዎች ዝርዝር፣ ስታነቡ የኤንኤስኤፍ ዋጋን ብቻ ሳይሆን «በእያንዳንዱ ሙከራ» የሚል ቃል እንዳለበት ፈልጉ።

«ግን እኮ ገንዘብ ነበረኝ» የሚለው ክርክር ከዚህ ይቀጥላል። ባንኩ የሚያየው ጠቅላላውን ቀሪ ሂሳብ ሳይሆን አቬይለብል ባላንስ የተባለውን፣ አሁን ሊወጣ የሚችለውን ነው። ሰኞ 900 ዶላር ቼክ ብታስገቡ፣ ሕጉ ባንኩን በማግስቱ የሥራ ቀን እንዲለቅ የሚያስገድደው የመጀመሪያውን 275 ዶላር ነው። እስከ 2025 ሰኔ መጨረሻ ድረስ 225 ነበር። ቀሪው በተለምዶ በሁለተኛው የሥራ ቀን ይለቀቃል፣ ባንኩ ምክንያት ካለው ከዚያም ይዘገያል። ቼኩን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ከሆነ ያስገባችሁት፣ የሚገዛችሁ በዋናነት ከባንኩ ጋር ያላችሁ ውል ነው። የተለቀቀ ገንዘብም ቢሆን ቼኩ ስንቅ አለው ማለት አይደለም፤ ከሳምንት በኋላ ቢመለስ ባንኩ መልሶ ይወስደዋል። ከዚያ ያጠፋችሁት ሁሉ በእናንተ ላይ ይቀራል።

ሌላው ፈቃድ ሲሰጥ ደህና የነበረ፣ ሲወራረድ የጎደለ ክፍያ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ 40 ዶላር ሲፈቀድ አካውንታችሁ ውስጥ 45 ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ከነጉርሻው 48 ሆኖ ይመጣል፣ በመሃሉም ሌላ ነገር ወጥቷል። «ኖ» ያለ ሰው እዚህ ላይ በእርግጥ ተጠቅሟል፦ ባንኩ ለሬስቶራንቱ ይከፍላል፣ አካውንቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጎደሎውን መሙላት የእናንተ ነው፣ ቅጣት ግን መጣል አይችልም። «የስ» ያለ ሰው ላይ ግን ባንኮች ሲቆርጡ ኖረዋል። ሪጅንስ ባንክ በዚሁ ዓይነት ድንገተኛ ክፍያ ምክንያት በ2022 ለደንበኞች የሚመለሰውን ጨምሮ 191 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በሲኤፍፒቢ ተወስኖበታል።

እንግዲህ ስታወዳድሩ የሚጠየቀው «ፕሮቴክሽን አለው ወይ?» አይደለም። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ኤሲኤች ወይም ቼክ ቢጎድል ለአንዱ ስንት ነው? በቀን ስንት ጊዜ ድረስ ይቆረጣል? ስንት ዶላር ድረስ ቢጎድል በዝምታ ይታለፋል? እስከ ነገ ማታ ብሞላው ይነሳልኛል? ከሴቪንግ ማዛወሪያው ስንት ነው? መልሱ በፊ ስኬጁሉና በአካውንቱ ውል ውስጥ አለ። ቅርንጫፍ ላይ የሚያስተናግዳችሁ ሠራተኛ በቃል የሚነግራችሁን ግን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ቲዲ ባንክ በ2020 በሲኤፍፒቢ ውሳኔ 122 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ይህንኑ የዴቢት ካርድ ኦቨርድራፍት ለአዲስ ደንበኞች እንደ «ነጻ» አገልግሎት ማቅረቡ ነበር።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ካፒታል ዋንና ሲቲ በ2022 የኦቨርድራፍት ክፍያን ጨርሰው አስቀርተዋል። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በዚያው ዓመት ከ35 ወደ 10 ዶላር አወረደው። 35 ላይ የቀሩም አሉ። «መንግሥት ከ5 ዶላር በላይ እንዳይቆርጡ ከልክሏል» የሚል ወሬ ከሰማችሁ አትመኑት፦ በታኅሣሥ 2024 የወጣው፣ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያላቸውን ባንኮች የሚመለከተው ደንብ ሥራ ላይ ሳይውል በኮንግረሱ ተሽሯል፤ ፕሬዚዳንቱም በግንቦት 2025 ፈርመውበታል።

«ፍሪ ቼኪንግ» የሚለው ማስታወቂያም በዚሁ መንገድ ይነበብ። ሬጉሌሽን ዲዲ የሚባለው ሌላ የፌዴራል ደንብ ወርሃዊ ክፍያ ሊመጣበት የሚችልን አካውንት ነጻ ብሎ ማስተዋወቅን ይከለክላል፤ ከዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ በታች ስትወርዱ ብቻ የሚያስከፍለውንም ጭምር። በስንቅ ማነስ ስለሚመለስ ቼክ የሚጠየቅ ክፍያ ግን ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። ስለዚህ «ፍሪ» የሚለው ቃል በአካውንቱ ላይ ሐሰት ሳይሆን፣ ጎደሎ በበዛበት ቤት ያው አካውንት በወር 5 ዶላር ከሚያስከፍለው የበለጠ ሊወደድ ይችላል።

5 ዶላር ያልኩት በምክንያት ነው። ባንክ ኦን የሚባል መለኪያ አለ፦ ማረጋገጫውን ያገኘ አካውንት የኦቨርድራፍትም የኤንኤስኤፍም ክፍያ የለበትም፣ በ25 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይከፈታል። የቼዝ ሴክዩር ባንኪንግ፣ የባንክ ኦፍ አሜሪካ ሴፍባላንስና የዌልስ ፋርጎ ክሊር አክሰስ በዚህ ውስጥ ናቸው፤ ወርሃዊ ክፍያቸው 5 ዶላር አካባቢ ነው፣ የሚነሳበትም ሁኔታ አለ። የወረቀት ቼክ መጻፍ ግን አይቻልባቸውም፤ አከራያችሁ ቼክ ካልሆነ የማይቀበል ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስቡት። ደሞዙ ከወር ወር በጭንቅ ለሚያደርሰውና ሴቪንግ ለሌለው ሰው፣ በእኔ እይታ ከማንኛውም «ፍሪ» አካውንት ይሻላል። ሴቪንግ ላለው ደግሞ ማዛወሪያውን ነጻ የሚያደርግ ባንክ ይበቃዋል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የጋራ አካውንት ላይ ከባልና ሚስት አንዱ «የስ» ካለ ለሁለቱም ይቆጠራል፤ አንዱ ከሰረዘውም ለሁለቱም ይሰረዛል። መሰረዝ በማንኛውም ጊዜ ይቻላል። «ኖ» ስላላችሁ ባንኩ ያነሰ አካውንት ሊሰጣችሁ አይችልም። ማን ምን እንዳለ የማታውቁ ከሆነ የወሩን ስቴትመንት እዩ፦ የኦቨርድራፍት ክፍያ ካለ የወሩና ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ያለው ድምር ለብቻው ተለይቶ እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል። ኡበር ወይም ሊፍት እየሠራችሁ ቢዝነስ አካውንት ከፍታችሁ ከሆነ ደግሞ ከላይ ስለ «ኖ» ያልኩት ሁሉ አይመለከታችሁም። ሬጉሌሽን ኢ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ የተከፈተ አካውንትን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ከዜሮ በታች የወረደ አካውንትን ትቶ ሌላ ባንክ መሄድም መፍትሔ አይሆንም። ካልሞላችሁት ባንኩ በ60 ቀን ውስጥ ኪሳራ ብሎ ይዘጋዋል፣ ስማችሁም ቼክስሲስተምስ ለሚባለው ድርጅት ሊተላለፍ ይችላል። እዚያ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፣ ብዙ ባንኮችም አዲስ አካውንት ከመክፈታቸው በፊት ያዩታል። ሪፖርቱን በ12 ወር አንዴ በነጻ መጠየቅ ትችላላችሁ። የቆየ ዕዳ ካለ ለባንኩ ከፍላችሁ መከፈሉን እንዲያስመዘግብ በጽሑፍ ጠይቁት፣ አዲሱን ማመልከቻ ከዚያ በኋላ አስገቡ።