ፋይል ማናጀር፦ ዝርዝሩ የሚያሳየውና የሚደብቀው

ፋይል ማናጀር ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፋይሎችንና ፎልደሮችን ዘርዝሮ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ኮፒ የምናደርገው፣ ቦታ የምናዘዋውረው፣ ስም የምንቀይረውና የምናጠፋው በሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ኤክስፕሎረር፣ ማክ ላይ ፋይንደር ይባላል፤ ሊኑክስ ላይ እነ ናውቲለስና ዶልፊን አሉ። ስልክም ላይ አለ። ብዙ ሰው በቀን ስንቴ እንደሚከፍተው አይቆጥርም፣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም መሆኑንም ልብ አይልም። ኮምፒውተሩ ራሱ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ቀድመን እንያዝ። መስኮቱ ላይ የምናየው ፋይሉን ሳይሆን መዝገቡን ነው። የፋይሉ ይዘት ዲስኩ ላይ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ስሙ፣ መጠኑ፣ የተቀየረበት ሰዓትና ይዘቱ የት እንዳለ የሚናገረው መረጃ ደግሞ ለብቻው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ፋይል ማናጀር የሚያነብልን ይህንን መዝገብ ነው። ግራ የሚያጋቡ ብዙ ነገሮች በዚህ ይፈታሉ።

ለምሳሌ የሁለት ሰዓት ፊልም ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ስታዘዋውሩት ብልጭ ብሎ ያልቃል። ሁለቱ ፎልደሮች ያሉት አንድ ድራይቭ (ለምሳሌ ሲ) ውስጥ እስከሆነ ድረስ ይዘቱ ንቅንቅ አይልም፣ የሚቀየረው መዝገቡ ብቻ ነው። ወደ ፍላሽ ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ መጀመሪያ ኮፒ ይደረጋል፣ ከዚያ ዋናው ይጠፋል። መሃል ላይ ፍላሹ ከተነቀለ ግማሹ ፋይል እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆኖ ይቀራል፣ የቱ እንዳለፈና የቱ እንደቀረ ማጣራቱ ደግሞ የናንተ ዕዳ ነው። እኔ በበኩሌ ወደ ሌላ ዲስክ ስወስድ «ከት» ማድረግ አልወድም። ኮፒ አደርጋለሁ፣ አወዳድራለሁ፣ ከዚያ ነው የማጠፋው።

ማጥፋትም እንዲሁ ነው። ዲሊት ስትሉ ዊንዶውስ ፋይሉን ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይከተዋል (ፍላሽ ላይ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢን የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ይሄዳል)። ቢኑ ባዶ ሲደረግ እንኳን መዝገቡ ላይ «ይህ ቦታ ነፃ ነው» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ይዘቱ ወዲያው አይፋቅም። የጠፋ ፋይል እንመልሳለን የሚሉ ፕሮግራሞች እንጀራቸው ይህ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው የዲስክ ዓይነት) ላይ ግን ተስፋው ቀጭን ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነፃ የወጣውን ቦታ ለዲስኩ ያሳውቀዋል፣ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል።

ሰማያዊው ስክሪንና ዘሮቹ

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ መስኮትም ማውዝም አልነበረም። ትዕዛዝ ይጻፋል፣ ዝርዝር ይመጣል። በዚያ ዘመን ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች፣ ዩኒክስ ላይ ኤልኤስ፣ ዶስ ላይ ዲር የሚባሉ ትዕዛዞች ነበሩ። ሁለቱም ዛሬም አሉ፣ ዛሬም ይሠራሉ። በ1984 አፕል ማኪንቶሽን ከነፋይንደሩ ሲያወጣ ፎልደርን በማውዝ ይዞ መጎተት ለብዙ ሰው ደረሰ። በ1985 ኤክስትሪ የተባለ የዶስ ፕሮግራም ፎልደሮችን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ዘርግቶ አሳየ። በ1986 ደግሞ ኖርተን ኮማንደር መጣ። የጻፈው ጆን ሶሻ ነው፣ ያወጣው የፒተር ኖርተን ኩባንያ።

ኖርተን ኮማንደርን አንዴ ያየ አይረሳውም። ሰማያዊ ስክሪን፣ ግራና ቀኝ ሁለት ዝርዝር፣ ከሥራቸው የትዕዛዝ መስመር፣ እታች ደግሞ የኤፍ ቁልፎች ተራ። ኤፍ3 ለማየት፣ ኤፍ4 ለማረም፣ ኤፍ5 ኮፒ፣ ኤፍ6 ማዘዋወር ወይም ስም መቀየር፣ ኤፍ7 አዲስ ፎልደር፣ ኤፍ8 ማጥፋት። ታብ የሚባለውን ቁልፍ ሲጫኑ ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን መሆናቸው ላይ ነው። አንዱ መነሻ ነው፣ ሌላው መድረሻ፤ ስለዚህ ኤፍ5 ስትጫኑ ወዴት እንደሚሄድ ከዓይናችሁ ፊት አለ። በአንድ መስኮት ኮፒ ብሎ፣ ወጥቶ፣ ሌላ ፎልደር ፈልጎ፣ ገብቶ ፔስት ማድረግ የለመደ ሰው መጀመሪያ ይደናገራል፤ ከለመደው በኋላ ግን ወደ ድሮው መመለስ ይከብደዋል።

ዘሮቹ ብዙ ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው ክርስቲያን ጊስለር በ1993 ዊንዶውስ ኮማንደርን አወጣ። ማይክሮሶፍት «ዊንዶውስ የሚለው ስም የኔ ነው» ስላለ በ2002 ስሙ ቶታል ኮማንደር ሆነ። ፈቃድ ላልገዛ ሰው ሲከፈት «1፣ 2 ወይም 3 ቁጥርን ይጫኑ» የሚል መስኮት ያመጣል፣ ሳትጫኑ አያልፍም፤ ይህቺን ቁጥር ለዓመታት ሲጫን የኖረ ሰው ሞልቷል። ሚድናይት ኮማንደር በ1994 የመጣ ነው፣ የሊኑክስ ሰዎች ዛሬም ሰርቨር ላይ ይጠቀሙበታል። የጻፈው ሚጌል ደ ኢካዛ በኋላ የግኖም (የሊኑክስ ዴስክቶፕ) ፕሮጀክት መሥራች ከሆኑት አንዱ ነው። ፋር ማናጀርን የጀመረው ዩጂን ሮሻል ሲሆን ፋይሎችን ጨምቆ የሚይዘው የራር ፋይል ፈጣሪም እሱው ነው። ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነገር ለሚፈልግ ደብል ኮማንደር አለ፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሠራል።

ማይክሮሶፍት በራሱ መንገድ ነው የሄደው። ዊንዶውስ 3.0 በ1990 ፋይል ማናጀር የሚባል ፕሮግራም ይዞ ወጣ፣ በ1995 ኤክስፕሎረር ተካው። ኤክስፕሎረር ብዙ ሰው ሲለምንለት የኖረውን ታብ (በአንድ መስኮት ብዙ ፎልደር ከፍቶ መያዣውን) ያገኘው ገና በ2022 ነው! የድሮው ፋይል ማናጀር ኮድ ደግሞ በ2018 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል፣ ናፍቆት ያለበት ሰው ዛሬ አውርዶ ማስነሳት ይችላል።

ማወዳደር

እኔን ካላችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ሥራ ዋናው ማወዳደር ነው፤ ብዙ ሰው የማይነካውም እሱን ነው። ሁለት ፎልደር አለ፣ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ። የቱ ነው አዲሱ? የቱ ላይ ምን ጎደለ? በዓይን አይቶ መገመት ፋይል ያስጠፋል።

ቀላሉ መንገድ ስምን ማስተያየት ነው፤ የጎደለውን ይነግራል፣ የተቀየረውን ግን አይነግርም። ቀጥሎ መጠንና ሰዓት ይመጣል። ይህ ፈጣን ነው፣ መዝገቡን ብቻ ስለሚያነብ በሺህ የሚቆጠር ፋይል ያለበትን ፎልደር በአፍታ ይጨርሳል። ግን ሰዓት ያታልላል። ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙበት ፋት32 የሚባለው የመዝገብ አያያዝ ሥርዓት የተቀየረበትን ሰዓት የሚይዘው በ2 ሰከንድ ልዩነት ነው፤ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ደግሞ እስከ 100 ናኖሰከንድ ይወርዳል። በ10፡15፡07 የተቀመጠ ሰነድ ፍላሽ ላይ ሲደርስ 10፡15፡08 ይሆናል። ፋይሉ ያው ነው፣ የሰዓቱ ቦታ ግን 7ን መያዝ አይችልም። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም አንድ ፊደል ያልተነካበትን ፎልደር በሙሉ «ተቀይሯል» ይላችኋል።

በዚህ ላይ ፋት32 የአካባቢውን ሰዓት እንዳለ ይጽፋል፣ ኤንቲኤፍኤስ ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚመዘግበው። ሰዓታቸውን በበጋና በክረምት በሚቀያይሩ አገሮች ይህ የ1 ሰዓት ልዩነት ይፈጥራል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሮቦኮፒ የሚባለው የኮፒ ትዕዛዝ ለሁለቱም ችግር ለየብቻው መቀየሪያ አለው፤ አንዱ የ2 ሰከንዱን፣ አንዱ የ1 ሰዓቱን እንዲያልፍ ያደርገዋል።

ርግጠኛ መሆን ሲያስፈልግ ይዘቱ ራሱ ይነበባል። ወይ ሁለቱ ፋይሎች ባይት በባይት ይታያሉ፣ ወይ ከእያንዳንዱ ሃሽ የሚባል አጭር ቁጥር ይሰላል። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የሃሽ ጥቅሙ ፋይሎቹ ሁለት የተለያየ ኮምፒውተር ላይ ቢሆኑም ቁጥራቸውን ብቻ ተለዋውጦ ማስተያየት መቻሉ ነው። ኤምዲ5 የተባለው አሮጌው ዘዴ ከ2004 ወዲህ ተንኮለኛን እንደማይመክት ይታወቃል፤ ኮፒ ሲደረግ ፋይሉ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት ግን አሁንም ይበቃል። ሰው ሆን ብሎ ሊያጭበረብር በሚችልበት ቦታ ሻ-256 ይሻላል።

ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ «ተለያይተዋል» መባሉ አይበቃም፣ የቱ ጋ እንደተለያዩ ማወቅ እንፈልጋለን። ይህን ጥያቄ በቤል ላብስ የነበረው ዳግላስ ማክኢልሮይ ዲፍ በሚባል ፕሮግራም መለሰው፤ ፕሮግራሙ በ1974 ከዩኒክስ 5ኛ እትም ጋር ወጣ። አንድ ፋይል እንውሰድ፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር። ሁለተኛው ፋይል ላይ የተረሳችው ረቡዕ ገብታለች። መስመር በመስመር ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ሦስተኛው ላይ ሐሙስንና ረቡዕን ያገኝና ተለያዩ ይላል፤ አራተኛው ላይ ዓርብና ሐሙስ፣ አሁንም ተለያዩ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቀይ በቀይ ይሆናል። ዲፍ ግን ሁለቱ ፋይሎች ቅደም ተከተላቸውን ሳይለቁ የሚጋሯቸውን መስመሮች፣ የቻለውን ያህል ብዙ አድርጎ ይፈልጋል። አራቱ ቀኖች ሁለቱም ጋ እንዳሉ ያያል፣ «ረቡዕ ተጨምራለች» ብሎ ይዘጋል። በ1985 ላሪ ዎል ይህንን የልዩነት ዝርዝር አንብቦ ፋይሉን የሚያድስ ፓች የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። ጊት (ፕሮግራም ጸሐፊዎች የኮዳቸውን ለውጥ የሚመዘግቡበት ፕሮግራም) ዛሬ ለውጥ ሲያሳይ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚጠቀምበት ስሌት ዩጂን ማየርስ በ1986 ያሳተመው ነው። ትዕዛዝ መጻፍ ለማይወድ ዊንመርጅ፣ ሜልድ፣ ኬዲፍ3፣ ቢዮንድ ኮምፔር አሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን በቀለም ያሳያሉ፣ ፎልደርም ያወዳድራሉ።

ከማወዳደር ማመሳሰል ይከተላል። በ1996 አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ያወጡት አርሲንክ ፋይሉን ቆራርሶ የእያንዳንዱን ቁራጭ ሃሽ ያስተያይና በኔትወርክ የሚልከው የተለየውን ብቻ ነው። ትልቅ ፋይል ላይ ትንሽ ነገር ከተቀየረ ሥራው ቶሎ ያልቃል። አደጋውም እዚህ ጋ ነው። «ሁለተኛው ልክ እንደ መጀመሪያው ይሁን» ካላችሁት፣ መጀመሪያው ላይ የጠፋው ሁለተኛውም ላይ ይጠፋል። መነሻና መድረሻውን ያገላበጠ ሰው ደግሞ ባዶውን ፎልደር አርአያ አድርጎ ሙሉውን ያጸዳል። ማመሳሰል ባክአፕ (የመጠባበቂያ ኮፒ) አይደለም። ፍሪፋይልሲንክ የሚባለው የማመሳሰያ ፕሮግራም ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ቀድሞ በዝርዝር ያሳያል፣ አርሲንክም ሳይነካ የሚሞክርበት መንገድ አለው። ዝርዝሩን ሳያነቡ «ጀምር» ማለት ደፋርነት ነው።

ስም፣ ፍለጋና የሞላ ዲስክ

ስም ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ጣጣ አለው። ዊንዶውስ ላይ ኮን፣ ነል፣ ኤዩኤክስ የሚባሉትን ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ለፋይል መስጠት እንደ ክልክል ነው፤ በዶስ ዘመን የመሣሪያ ስም ስለነበሩ። ሙሉ አድራሻው ከ260 ፊደል ካለፈ ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ይሰናከላሉ። ሊኑክስ ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአማርኛ ከ85 ፊደል በላይ አይቻልም። ዊንዶውስ ላይ የተቀመጠ ረጅም የአማርኛ ስም ሊኑክስ ላይ አልገባም ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ፍለጋም ላይ እንዲሁ፦ «ሥራ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን «ስራ» ብላችሁ ብትፈልጉ አብዛኛው ፕሮግራም የለም ይላችኋል። ለሱ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ዊንዶውስ ከራሱ የሚያደርገው አንድ መጥፎ ነገር የፋይሉን ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን፣ ዓይነቱን የሚናገረውን) መደበቅ ነው። በ2000 ዓለምን ያመሰው አይ ላቭ ዩ የተባለው ቫይረስ ቅጥያው ሲደበቅ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይመስል ነበር፣ ሰው ከፈተው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቅጥያው እንዲታይ አድርጉ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በስም ለመፈለግ ዊንዶውስ ላይ ኤቭሪቲንግ የሚባለውን ፕሮግራም የሚያክል የለም። ፎልደር በፎልደር አይዞርም፣ የኤንቲኤፍኤስን ዋና መዝገብ በቀጥታ ያነባል፤ ፊደሉን ሳትጨርሱ ውጤቱ ይደርሳል። ዲስክ ሲሞላ ደግሞ ዊንዲርስታት ፋይሎቹን በመጠናቸው ልክ ባለቀለም ሳጥኖች አድርጎ ይደረድራል፣ ቦታ የበላው ፋይል ትልቅ ሳጥን ሆኖ ይታያል። የዚህ አሳሳል ባለቤት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ቤን ሽናይደርማን ነው። 1990 አካባቢ 14 ሰዎች የሚጋሩት 80 ሜጋባይት ዲስክ ሞልቶ ሲያስቸግረው የትኛው ፋይል ቦታውን እንደያዘ በአንድ እይታ የሚያሳይ ነገር ፈለገ።

የተደጋገሙ ፋይሎችን የሚፈልጉት እነ ዱፕጉሩ ብልጦች ናቸው። መጠናቸው የተለያየ ፋይሎች አንድ ሊሆኑ ስለማይችሉ በመጠን ይለያሉ፣ ይዘት የሚያነቡት መጠናቸው ከገጠመው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ክላውድ መጣ፤ ፋይሉ በኢንተርኔት ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ ፎልደሩ ውስጥ ስሙንና መጠኑን ያሳያል፣ ይዘቱ ግን ሰርቨር ላይ ሊሆን ይችላል። ፕሮፐርቲስ ብትከፍቱ መጠኑ ብዙ ሜጋባይት፣ ዲስክ ላይ የያዘው ቦታ ግን ዜሮ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለውን ፎልደር በይዘት አወዳድር ካላችሁት ፕሮግራሙ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከኢንተርኔት ማውረድ ይጀምራል። ስለዚህ እዚያ ላይ በመጠንና በሰዓት አወዳድሩ፤ በይዘት የግድ ካስፈለገ መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ቦታ መኖሩን አረጋግጡ።