ካራቫን ይዞ ወደ ወይን አገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስራዬ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት የመኖሪያ ተሳቢ፣ መጎተት የሚጀምሩ ሰዎችን ማሰልጠን ነው። ብዙዎቹ አልዛስ መሄድ ይፈልጋሉ። በፈረንሳይ ምስራቅ ጫፍ ያለው የወይን አገር ማለት ነው። ሊበሉና ወይን ሊቀምሱ ነው የሚሄዱት፤ ደስ ይለኛል። ደስ የማይለኝ፣ ሁሌም አንድ ዓይነት የተሳሳተ ነገር እርግጠኛ ሆነው መናገራቸው ነው። ሰለቸኝ፤ እዚሁ ልጻፈው።

«የወይን መንገድ ከተባለ ካራቫኑን እየጎተቱ መንደር ለመንደር መዞር ነው።» አይደለም! የአልዛስ የወይን መንገድ በ1953 የተከፈተ ሲሆን ከማርለንሃይም እስከ ታን 170 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመሃል እንደ ሪክቪርና ኤጊስሃይም ያሉ መንደሮች አሉ። መንገዳቸው የተሰራው ለጋሪ ነው። ያሰለጠንኳቸው ባልና ሚስት ስልካቸው በመራቸው መንገድ ገብተው ሁለት ግድግዳ መሃል ተቀረቀሩ፤ መኪናው ተፈቶ፣ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ካራቫኑን በእጅ ገፍቶ ነው ያወጣላቸው። ካራቫኑ ካምፒንግ ቦታ ላይ ይቁም። ከዚያ በእግር ወይም በብስክሌት ሂዱ፤ መንደሮቹ ተቀራራቢ ናቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ቅምሻ መጠጣት አይደለም፤ ትንሽ ትንሽ ነው፣ ምግብም በልተናል።» ይሄን የማይለኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ወይን አምራች ቤት ስትገቡ ስድስት ዓይነት ቢቀርብላችሁና እያንዳንዱ 5 ሴንቲ ሊትር ቢሆን፣ 30 ሴንቲ ሊትር ጠጣችሁ ማለት ነው። ይሄ ሦስት መደበኛ ብርጭቆ ነው። አንድ ብርጭቆ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን አልኮል ከ0.2 እስከ 0.25 ግራም ያህል ከፍ ያደርገዋል። የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ 0.5 ግራም ሲደርስ ያስቀጣል፤ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ያዥ 0.2 ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቤት ስትወጡ ከሕግ ውጪ ናችሁ። ገና ጠዋት ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ሁለተኛው ቤት አለ!

ምግብ አልኮሉን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ቡናም አያወጣውም። ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው ከ0.1 እስከ 0.15 ግራም ብቻ ነው፤ ማታ አብዝቶ የጠጣ ሰው ጠዋት ካራቫን መጎተት የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ከኋላ ከአንድ ቶን በላይ ክብደት እየተከተላችሁ ነው። ፍሬን ለመያዝ ረዘም ያለ ርቀት ትፈልጋላችሁ፣ ሰክሮ የሚነዳ ሰው ደግሞ የሚዘገየው እዚያው ላይ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ ትፉት። አምራቹ ጠረጴዛ ላይ መትፊያ ዕቃ የሚያስቀምጠው ለዚሁ ነው፤ የሚቀየማችሁ የለም። እሱ ራሱ ስራ ላይ ሲሆን ይተፋል። አንዲት ሰልጣኜ «ነውር ይመስለኛል» ብላ የቀረበላትን ሁሉ ስትጠጣ፣ አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ ወይን ነጋዴ ግን ሁሉንም እየተፉ ከእሷ በላይ ጣዕሙን ያብራሩ ነበር። መትፋት ካልሆነላችሁ በእግር ሂዱ፤ ወይም ዛሬ ማን እንደማይቀምስ ጠዋት ላይ ተስማሙ፣ ከሰዓት በኋላ መደራደር አይሰራም።

«ነገር ከተበላሸ ጉዞው ተበላሸ።» ኧረ ተዉ! አንድ ቤተሰብ በብርድ ሌሊት ጋዙ አልሰራ አላቸው። ሲሊንደሩ ቡቴን ነበር፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወደ ጋዝ መቀየር ያቆማል (ለብርድ ፕሮፔን ያዙ)። ምድጃ ስለሌላቸው መንደር ወርደው ፍላምኩሽ በሉ። ስስ ሊጥ ላይ ክሬም፣ ሽንኩርትና የአሳማ ስጋ ተደርጎ እንጨት በሚነድበት ምድጃ የሚጋገር ነው። ድሮ ገበሬዎች ዳቦ ከመጋገራቸው በፊት የምድጃውን ሙቀት የሚለኩበት ነበር። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ እራት ነው። ሰዓት ግን ጠብቁ፦ በትናንሽ መንደሮች የምሳ ወጥ ቤት ብዙ ጊዜ ከ8 ሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ ካራቫን አቁማችሁ ስትደርሱ ማንም አይጠብቃችሁም።

«አይብ በቀይ ወይን ነው።» የአልዛሱን ሙንስተር አይብ ገቩርትስትራሚነር ከሚባለው ነጭ ወይን ጋር ሞክሩና ንገሩኝ።

«ቀይ ወይን ራሴን የሚያመኝ በሰልፋይት ነው።» ሰልፋይት ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ነው። የአውሮፓ ሕግ ለደረቅ ነጭ ወይን ከቀዩ የበለጠ ሰልፋይት ይፈቅዳል፤ ነጩ ካላመማችሁ ምክንያቱ ሌላ ነው።

«ጠርሙስ ስንት ይመዝናል፣ ኋላ ላይ እንደርድረው።» ሙሉ ጠርሙስ 1.3 ኪሎ ገደማ ነው። 60 ጠርሙስ 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ብዙ ካራቫን ደግሞ የቀረው የጭነት አቅም ያን ያህል አይደለም። ከኋላ ከተጫነ ካራቫኑን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ጋንቾ ላይ ያለው ክብደት ይቀንስና ካራቫኑ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ፍሬን በኃይል አትርገጡ፣ መሪም አታወዛውዙ፤ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱና መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ጠርሙሶቹ ወለሉ ላይ፣ ከአክስሉ (ጎማዎቹን ከያዘው ዘንግ) በላይ፣ በደንብ ታስረው ይሁኑ። ጸሐይ ላይ የቆመ ካራቫን ውስጥ ወይን ይበላሻል፣ ስለዚህ የምትወስዱትን በመጨረሻው ቀን ጠዋት ግዙ።