በወላጅ የሚመራ የሕፃናት ንግግር ድጋፍ ምንድን ነው? «ተቀበል» ባዩስ ማን ነው?

«ልጃችሁን ከአራስነቱ ጀምሮ ቃላት አስጠኑት፤ ቀኑን ሙሉ አውሩለት፤ አፉን ቶሎ ይፈታል።» ሰሞኑን በሬዲዮ እንዲህ ያለው መካሪ ምክሩን «በወላጅ የሚመራ ቅድመ ድጋፍ» ብሎ ጠራው። ሲባል ስሰማ ይኼ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ አሁንስ በቃኝ። ይኼ የድጋፉ ተቃራኒ ነው።

ድጋፉ የታሰበው ንግግራቸው እንዳይዘገይ ለሚሰጋላቸው ሕፃናት ነው፦ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ፣ ሲወለዱ ለታፈኑ፣ ላንቃቸው ለተሰነጠቀ፣ ዳውን ሲንድረም ወይም የመስማት ችግር ላለባቸው። የንግግር ሕክምና ባለሙያው የሚያሠለጥነው ወላጁን ነው። ወላጁ ደግሞ ቃል አያስተምርም። ልጁ ለሚያሰማው ድምፅ፣ ለሚያየው ነገር፣ ለእጁ እንቅስቃሴ መልስ ይሰጣል።

አዝማሪ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ተቀብሎ፣ አሳምሮ፣ በማሲንቆው ይመልሰዋል። ሰው የሚሳሳተው ማን ማን እንደሆነ ላይ ነው። እናት እንግዳ፣ ልጁ አዝማሪ ይመስለዋል፦ «እማዬ በል! አባዬ በል!» ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። «ተቀበል» ባዩ ሕፃኑ ነው። ስንኙ «አግ» ብቻ ሊሆን ይችላል። እናት «አግ! ውኃው ሞቀህ እንዴ?» ብላ ትቀበለዋለች። ከዚያ ዝም ትላለች። እንግዳው ቀጣዩን እስኪያስብ ጎበዝ አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይጠብቃል እንጂ አይቀድመውም። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ደግሞ ስንኙ ቶሎ አይመጣለትም፤ አምስት ስድስት ሰከንድ፣ አንዳንዴም አሥር ይፈልጋል። የሬዲዮው መካሪ ግን አዝማሪው ብቻውን ሲያዜም እንዲያመሽ ነው የሚመክረው። እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣላ! ሕፃን መውጣት ሲፈልግ ፊቱን ያዞራል፣ ጣቶቹን ይዘረጋጋል፣ ስቅታ ይይዘዋል። (ስቅታ ዝም ብሎ ስቅታ የሚሆንበትም ጊዜ አለ።) ያኔ ትንሽ ማሳረፍ ነው።

ባትጠይቁኝም ስለ ላንቃ መሰንጠቅ አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለው ልጅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ባ» ለማለት አፉ ውስጥ አየር ማጠራቀም ያቅተዋል፤ በአፍንጫው ያመልጠዋል። «ማ» እና «ና» ግን ይወጡለታል። እነሱን ደጋግማችሁ ተቀበሉት። ከጉሮሮው ሲያጉረመርም ፈገግ በሉለት፤ ግን ያንን ድምፅ እናንተ መልሳችሁ አታሰሙት። ልማድ ከሆነበት ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ላይለቀው ይችላል።

የመሐል አዲስ አበባ ወላጅ ፈተና ደግሞ ስልክ ነው። እናት ከወሊድ በኋላ ያላት 90 ቀን አልቆ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ወዳለው ቢሮዋ ትመለሳለች። ልጁ ከሞግዚት ወይም ከአያቱ ጋር ይውላል፤ የእንግሊዝኛ ካርቱን ይከፈትለታል። ካርቱን አይቀበልም። ሕፃኑ «አግ» አለም አላለም ዘፈኑን ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመክርም። አያት አፏን በፈታችበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በጉራጊኛ፣ ትመልስለት። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም። ሞግዚትም ሥልጠናው ላይ ብትገኝ ደስ ይለኛል፤ ቀኑን ሙሉ አብራው የምትውለው እሷ ናት።

«እናቱ ስለማታወራው ነው» የሚሉም አሉ። ድጋፉን ወላጅ ይመራዋል ማለት ችግሩን ወላጅ አመጣው ማለት አይደለም። ላንቃን ወሬ አይሰነጥቀውም።

«ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገር» ብሎ መቀመጥም አያዋጣም። በአሥር ወሩ «ባባባ»፣ «ማማማ» የማይል ልጅ መታየት አለበት። ያለጊዜው ከተወለደ ዕድሜው የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጆሮው ይመርመር። ከጀርባው ሳህን ማንኳኳት ምርመራ አይባልም፤ የሳህኑን ጫጫታ ሰምቶ «ሰ»ን እና «ፈ»ን የማይሰማ ልጅ አለ። የመጀመሪያው የማጣሪያ ምርመራ ሕፃኑ እንደተኛ፣ ጆሮው ውስጥ በምትገባ ትንሽ መሣሪያ፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ማጅራት ገትር ይዞት የዳነ ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይመርመር። የውስጥ ጆሮው ወደ አጥንትነት ሊለወጥ፣ ያኔም እንዲሰማ መርዳት ሊከብድ ስለሚችል፣ «ከበዓል በኋላ» የሚባል ቀጠሮ ለእሱ አይሠራም።