የሻንጋይ የድሮ ትራፊክ ደንብ፦ ሦስት ታርጋ በአንድ መኪና

ሻንጋይ ሙሉ በሙሉ ቅኝ ግዛት ሆና አታውቅም። መሀሏ ግን ተቆርሶ ለፈረንጆች ተሰጥቶ ነበር፤ የመንገድ ሕጓም አብሮ ተቆራረሰ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቻይና በኦፒየም ጦርነት በእንግሊዝ ተሸንፋ በ1842 የናንጂንግን ውል ስትፈርም ከተማዋ ለውጭ ነጋዴ ተከፈተች። ፈረንሳዮች በ1849 የራሳቸውን ሰፈር ያዙ። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ደግሞ በ1863 ሰፈሮቻቸውን አንድ አድርገው “ዓለም አቀፍ ሰፈር” የሚባለውን መሠረቱ። የቀረው በቻይና አስተዳደር ሥር ቆየ። ስለዚህ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ ሰው ሦስት ዓይነት ፖሊስ፣ ሦስት ዓይነት ግብርና ሦስት ዓይነት ደንብ ያጋጥመዋል።

የዓለም አቀፉን ሰፈር ምክር ቤት የሚመርጡት ግብር ከፋይ የውጭ ዜጎች ነበሩ። ነዋሪው በብዛት ቻይናዊ ሆኖ ሳለ ቻይኖች ምክር ቤቱ ውስጥ ወንበር ያገኙት ገና በ1928 ነው። ደንብ አውጪው በሠረገላ፣ በኋላም በመኪና የሚንፈላሰሰው ሲሆን ቅጣቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በሚገፋውና በሚጎትተው ላይ ነበር።

ደንቡ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ግራህን ይዘህ ሂድ፣ ሲመሽ ፋኖስ አብራ፣ ያለ ፈቃድ ሥራ ላይ አትውጣ። የግራው ነገር እንግሊዞች ይዘውት የመጡት ነው። ጣጣው ያለው ፈቃዱ ላይ ነው፤ ፈቃድ ማለት በየጊዜው የሚከፈል ገንዘብ ነዋ!

ባለ አንድ ጎማውን የእጅ ጋሪ እንውሰድ። ትልቅ ጎማ መሀሉ ላይ፣ ግራና ቀኙ ዕቃ ወይም ሰው የሚቀመጥበት እንጨት፣ ከኋላ አንድ የሚገፋ ሰው። የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ተደርድረው ይሄዱበት ነበር። ምክር ቤቱ ቀጭኑ ጎማ መንገዳችንን እየፈለፈለ አበላሸብን አለና በ1897 የወር ግብሩን ከ400 ወደ 600 የመዳብ ሳንቲም አሳደገ። ጋሪ ገፊዎቹ እምቢ ብለው ሥራ አቆሙ። ሚያዝያ ላይ ከፖሊስ ጋር ተደባደቡ፤ ከጦር መርከቦች ሳይቀር ወታደር ወረደባቸው። ምክር ቤቱ ጭማሪውን ላዘግየው ሲል ደግሞ የውጭዎቹ ግብር ከፋዮች “እንዴት ለኩሊ ትንበረከካላችሁ” ብለው ስለተነሱበት ሥልጣን እስከ መልቀቅ ደረሰ። ሁሉም ለ200 ሳንቲም!

ሰው የሚጎትተው ሪክሾ ከጃፓን የገባው በ1874 ነው፤ ያስገባውም አንድ ፈረንሳዊ ነው። ፈቃዱ በሰፈር የተለየ ስለነበር የቻይና ከተማ ፈቃድ ብቻ ያለው ጎታች የውጭዎቹ ሰፈር ድንበር ላይ ሲደርስ ተሳፋሪውን አውርዶ ይመለሳል። የፈቃዱ ባለቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎታቹ አይደለም። ባለፈቃዱ ለሌላ ያከራያል፣ ያ ደግሞ ለሌላ፣ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ የቀን ኪራዩ የሚወድቀው ባዶ እግሩን በሚሮጠው ላይ ነው። ጎታቹ ካጠፋ፣ ወይም አጥፍተሃል ከተባለ፣ ፖሊሱ ታርጋውን ነቅሎ ይወስድበታል። ታርጋ መፍታት የኛ ትራፊኮች የፈጠሩት እንዳይመስላችሁ። ታርጋ ከሌለ ሥራ የለም፤ ለማስመለስ ይከፈላል፣ የቀኑ ኪራይም አይቀርም።

መኪና በ1901 ሲመጣ ምክር ቤቱ ምን ብሎ እንደሚመዘግበው ግራ ገባው። ለመኪና የሚሆን መደብ አልነበረማ። በዓመቱ በፈረስ ሠረገላ መደብ ጻፉትና በወር 2 ዶላር ክፈል አሉት። በ1908 የኤሌክትሪክ ትራም ተጨመረ። ቀጥሎ መኪናው ሲበዛ በሦስቱም ሰፈር መንዳት የሚፈልግ ሰው የየሰፈሩን ታርጋ አውጥቶ ሁለትም ሦስትም ደራርቦ ይለጥፍ ነበር። የዓለም አቀፉ ሰፈር ቁጥር 1 ታርጋ በአንድ ቻይናዊ ሀብታም እጅ ነበር። የከተማው ቱጃር ሃርዱን ቁጥሩን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ አቅርቦለት እምቢ አለው ይባላል። ሃርዱን የባግዳድ ተወላጅ አይሁዳዊ ነበር፤ በናንጂንግ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ብዙው ቦታ የሱ ነበር፤ ቁጥር 1ን ግን አላገኛትም።

መንገድ ላይ ቆሞ የሚያስተናግደው ትራፊክም እንደየሰፈሩ ነው። በዓለም አቀፉ ሰፈር ከ1880ዎቹ ጀምሮ ከሕንድ የመጡ ጥምጥም የጠመጠሙ ሲኮች፣ በፈረንሳዮቹ ደግሞ ቬትናሞች ነበሩ። ቅኝ ገዢ ከአንዱ ቅኝ ግዛቱ ሰው አምጥቶ ሌላውን ሕዝብ ያስጠብቃል፤ ጎታቹም የሚረግመው ዱላ የያዘውን ሲክ እንጂ ደንቡን ያወጣውን እንግሊዝ አይደለም።

ግጭት ቢደርስስ? በዓለም አቀፉ ሰፈር ቻይናዊው እስከ 1927 ድረስ የውጭ ዳኛ ወይም ታዛቢ በሚቀመጥበት “ድብልቅ ፍርድ ቤት” ይቀርባል። እንግሊዛዊው በእንግሊዝ ሕግ፣ አሜሪካዊው በአሜሪካ ሕግ፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍርድ ቤት ይዳኛል። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተጋጩ ሁለት ሰዎች በሁለት አገር ሕግ ይከራከራሉ ማለት ነው።

የውጭዎቹ ሰፈሮች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል በ1943 ፈረሱ። የግራው ጉዞ ግን ጥር 1 ቀን 1946 ድረስ ቆየ። ያን ቀን የቻይና መንግሥት አገሩን በሙሉ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ዋናው ምክንያት በጦርነቱ ጊዜ የገቡት የአሜሪካ መኪኖች መሪያቸው በግራ መሆኑ ነው። ለግራ ጉዞ ተብሎ የተሠራው የሻንጋይ አውቶቡስ በሩ በድንገት ወደ መንገዱ መሀል ዞሮ ቀረ፤ እሱንም መለወጥ ግድ ሆነ።