«እግዚአብሔር ይስጣቸው» ብለን ሸኘናቸው

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ነሐሴ 24 ቀን የአባታችንን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን የዕረፍት በዓል ባከበርንበት ዕለት፥ ከሰንዳፋ ማዶ ካለች የገጠር አጥቢያ አንድ አረጋዊ ካህን በለገጣፎ መውጫ ወዳለው ደብራችን መጥተው ነበር። በእጃቸው ሁለት ገጽ የሞላ የአባወራዎች ስም ይዘዋል። ነሐሴ ለገበሬ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ በገጠር ያደግን እናውቀዋለን፤ የአምናው እህል ከጎተራ ያልቃል፥ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ካህኑ እንደነገሩን ለዘር ያስቀመጡትን ሽምብራ ሳይቀር ቆልተው የበሉ ቤቶች አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ለድግሱ ብዙ ገንዘብ ላዋጡት የፊት ወንበር ተለቀቀላቸው፤ እርሳቸው ግን ጫማቸው ጭቃ ነበርና በሩ አጠገብ ቆመው ቆዩ። (ከተቀመጡት አንዱ እኔ ነበርሁ።) ጉዳያቸውን ተናግረው ሲጨርሱ «እግዚአብሔር ይስጣቸው፥ በጸሎት እናስባቸዋለን» አልናቸው፤ እርሳቸውም ባርከውን ወጡ።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ የወርቅ ቀለበት ላደረገው ሰው መልካም ስፍራ ሰጥተው ድሀውን «አንተስ ወደዚያ ቁም» ያሉትን ከገሠጸ በኋላ፥ በዚያው ምዕራፍ እንዲህ ይላል፦ «ወንድም ወይም እኅት ራቁታቸውን ቢሆኑ የዕለት ምግብንም ቢያጡ፥ ከእናንተ አንዱም፦ በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም ቢላቸው ለሰውነት ግን የሚያስፈልጉትን ባትሰጡአቸው ምን ይጠቅማቸዋል?»

«በደኅና ሂዱ» ስድብ አይደለም፤ ምርቃት ነው። ሐዋርያውን ያሳዘነው ምርቃቱ ሳይሆን የመረቀው ሰው እንጀራውን በእጁ እንደያዘ መቅረቱ ነው። ምንም የሌለው ሰው «እግዚአብሔር ይስጣቸው» ቢል ጸሎት ነው፤ መሶቡ የሞላለት ሰው ሲለው ግን የራሱን ዕዳ ወደ እግዚአብሔር ማሳለፍ ይሆናል። ወገኖቼ፥ ጾመ ፍልሰታን ከእነዚያ ቤተሰቦች ጋር በአንድ ቀን ጀምረን ነበር፤ እኛ ነሐሴ 16 ፈታን፥ እነርሱ ግን የሚፈቱበት እስካሁን አላገኙም። ይህንን እያወቅን የተረፈውን የበዓል ዳቦ በየቤታችን ተካፍለን መሄዳችን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የሽምብራ መዝሪያ ጊዜ ገና አላለፈም። በመጪው እሑድ የቻለ ዘር፥ የቻለ ዱቄት፥ ያልቻለም አንድ ጣሳ ሽሮ ይዞ ከቅዳሴ በኋላ ወደዚያው አዳራሽ ይምጣ። ካህኑ እንዲመጡ ልከንባቸዋል፤ የፊት ወንበር ይያዝላቸው።