ስትራክቸር፦ ሲቪል ተማሪ ሕንፃን ማንበብ የሚጀምርበት ኮርስ

ሲቪል ምህንድስና ያጠና ሰው ፊት «ስትራክቸር» በሉና ፊቱን እዩት። አንዱ ፈገግ ይላል። ሌላው የደገመው ሴሚስተር ትዝ ይለዋል። የኮርሱ ሙሉ ስም ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ በተማሪ አፍ ስትራክቸር አንድ እና ስትራክቸር ሁለት ይባላሉ።

ጉዳዩ በአጭሩ ይህ ነው። ሕንፃ ወይም ድልድይ ላይ ጭነት ሲያርፍ በየት በየት አልፎ መሬት ይደርሳል? እግረ መንገዱንስ የቱን ያጎብጣል፣ የቱን ይጨምቃል፣ የቱን ይስባል? ይህን ማስላት ነው ስትራክቸራል አናሊሲስ የሚባለው። ኮለሙ (ምሰሶው) ስንት በስንት ይሁን፣ ፌሮው ስንት ቁጥር ይሁን የሚለው የዲዛይን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በአገራችን ሲቪል ምህንድስና የአምስት ዓመት ትምህርት ነው። በአምስት ኪሎ፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በአርባ ምንጭ፣ በሐዋሳ፣ በአዳማና በሌሎችም ብዙ ግቢዎች ይሰጣል። የአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተቋቋመው የምህንድስና ኮሌጅ ይመዘዛል። የትም ብትማሩ ሰንሰለቱ ያው ነው። መጀመሪያ ስታቲክስ፣ ቀጥሎ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ፣ ከዚያ ስትራክቸር አንድ፣ ከዚያ ሁለት። የኮንክሪትና የብረት ዲዛይን ኮርሶች እነዚህ ላይ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ ስትራክቸር ላይ ኤፍ ማግኘት አንድ ኮርስ ወድቆ የመቅረት ጉዳይ አይደለም። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ በሚሰጥበት ግቢ ከጓደኞችህ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መቅረት ነው።

ስትራክቸር አንድ በአንጻሩ የዋህ ነው። ዲተርሚኔት የሚባሉትን ነው የሚያስተምረው። እነዚህን ለመፍታት ሚዛን ብቻ ይበቃል፦ ወደ ላይ የሚገፋው ወደ ታች ከሚገፋው ጋር እኩል ይሁን፣ የግራ ቀኙ ይጣፋ፣ ሞመንቱ (ለማዞር ወይም ለማጉበጥ የሚሞክረው ጉልበት) ዜሮ ይሁን። ሦስት እኩልታ፣ ሦስት ያልታወቀ ነገር፣ አለቀ። ትራስ እዚህ ይገባል። ያ በትልልቅ መጋዘኖች ጣሪያ ሥር የምታዩት የሦስት ማዕዘን ጥልፍልፍ ማለት ነው። ተማሪው መጀመሪያ መቁጠር ይማራል። የዘንጎቹ ብዛት ሲደመር የሳፖርት (የድጋፍ) ኃይሎቹ፣ የመገጣጠሚያዎቹን ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። 13 ዘንግ፣ 3 የሳፖርት ኃይልና 8 መገጣጠሚያ ያለው ትራስ 16 በ16 ይሆናል፤ ይፈታል። ዘንጉ አንድ ቢጎድል ትራሱ ራሱን ችሎ አይቆምም። አንድ ቢተርፍ ደግሞ ሚዛን ብቻውን አይፈታውም።

የሺር (ለመቁረጥ የሚሞክረው ኃይል) እና የሞመንት ዲያግራም መሳልም እዚሁ ነው የሚለመደው። በእኔ አስተያየት ከኮርሱ ሁሉ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው ይህ ነው። ዲያግራሙ ቢሙ (አግዳሚው ተሸካሚ) የት ላይ እንደሚጨነቅ ያሳያል። ለምሳሌ በረንዳን ውሰዱ። አንድ ጫፉ ከሕንፃው ጋር ታስሯል፣ ሌላው አየር ላይ ነው። ሰው ሲቆምበት ጫፉ ወደ ታች ማጎንበስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚለጠጠው የላይኛው ገጹ ነው። ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን አይወድም። ፌሮው ከላይ በኩል መሆን አለበት ማለት ነው። ታዲያ በሶሌታ (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ሙሌት ቀን ሠራተኛው ባሬላውን ይዞ ሲመላለስ ያንን የላይኛውን ፌሮ ረግጦ ወደ ታች ያወርደዋል። ኮንክሪቱ ሸፍኖት ያድራል። ፌሮው አለ፤ ግን ያለቦታው ነው። የብረቱን ኪሎ ብትመዝኑት አንድም አልጎደለም።

ከዚያ ስትራክቸር ሁለት ይመጣል፤ ኢንዲተርሚኔት፣ ማለትም ሚዛን ብቻውን የማይፈታቸው። ብዙ ተማሪ የሚንሸራተተው እዚህ ነው። ምክንያቱ ሒሳቡ ስለከበደ ብቻ አይደለም። የሚጠየቀው ጥያቄ ራሱ ይለወጣል።

አንድ ቀላል ምሳሌ እንይ። 12 ሜትር የሚረዝም ቢም አለ። ሁለቱ ጫፎቹ ላይና መሃሉ ላይ ሳፖርት አለው፤ በየ6 ሜትሩ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 20 ኪሎ ኒውተን ተጭኖበታል፤ ወደ ሁለት ቶን ገደማ። ጠቅላላው ጭነት 240 ነው። ሦስቱ ሳፖርቶች እንዴት ይካፈሉታል? ቢሙን መሃል ላይ ቆርጠን ሁለት አድርገን ብናስበው መልሱ ቀላል ነው፦ 60፣ 120፣ 60። ግን አልተቆረጠም፤ አንድ ወጥ ነው። ሚዛን ብቻ ይዘህ ብትጠይቅ መልስ የለም። 60፣ 120፣ 60 ሚዛን ይጠብቃል፤ 50፣ 140፣ 50ም ይጠብቃል። ትክክለኛው መልስ 45፣ 150፣ 45 ነው። ከየት መጣ? ቢሙ ሲጎብጥ መሃለኛው ሳፖርት ላይ ሳይቋረጥ፣ ሳይሰበር፣ በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ተዳፋት ይዞ ማለፍ አለበት። መልሱን የሚወስነው ይህ ቅርጽ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ተማሪው ስለ ኃይል ብቻ ነበር የሚያስበው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መጉበጥም ማሰብ ይጀምራል።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በተቆረጠው ቢም መሃለኛው ሳፖርት ላይ ሞመንት የለም። በአንድ ወጡ ቢም ግን እዚያ ቦታ ላይ 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት አለ (ቀመሩ ደብልዩ ኤል ስኩዌር በስምንት ነው፦ የአንድ ሜትሩ ጭነት በ6 ሜትሩ ስኩዌር ተባዝቶ ለስምንት ይካፈላል)፤ እሱም የላይኛውን ገጽ ይለጥጣል። የበረንዳው ታሪክ እዚህም ተደገመ ማለት ነው። ወጥ ቢም ሌላም ጠባይ አለው። መሃለኛው ሳፖርት ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሰምጥ ጭነት ሳይጨመርበት ውስጡ ይታመማል። የተቆረጠው ቢም ግን ዘንበል ብሎ ዝም ይላል። ሲረጥብ በሚያብጥ ሲደርቅ በሚኮማተር ኮትቻ አፈር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዘዴዎቹ የተወለዱት በአብዛኛው ከባቡር ድልድይ ጋር ነው። ፈረንሳዊው ክላፔይሮን እ.ኤ.አ. በ1857 ሦስት ተከታታይ ሳፖርቶች ላይ ያሉትን ሞመንቶች የሚያያይዝ እኩልታ አወጣ። ማክስዌል በ1864፣ ጣሊያናዊው ካስቲሊያኖ በ1873 ሌሎች መንገዶችን ጨመሩ። በ1915 አሜሪካዊው ማኒ ስሎፕ ዲፍሌክሽን የሚባለውን ዘዴ አስተዋወቀ። ሁሉም ያደርሳሉ። ችግሩ ሕንፃው ከፍ ሲል እኩልታው መብዛቱ ነበር። 30 ያልታወቀ ነገር ያለበትን 30 እኩልታ በእጅ መፍታት እንዴት እንደሚያደክም ገምቱ።

እ.ኤ.አ. በ1930 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሃርዲ ክሮስ ዓሥር ገጽ ያህል ጽሑፍ አሳተመ። ሞመንት ዲስትሪቢውሽን የምንለው ዘዴ ያ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። መጀመሪያ ሁሉንም መገጣጠሚያ እንዳይዞር ቆልፍ። ከዚያ አንዱን ፍታ፤ ያልተመጣጠነው ሞመንት ለተያያዙት ቢሞች እንደ ጥንካሬያቸው ይከፋፈል። የደረሳቸውን ግማሹን ወደ ሌላው ጫፍ ያሻግሩ። መልሰህ ቆልፍ፣ ቀጣዩን ፍታ። ቁጥሩ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል፤ ሲበቃህ ታቆማለህ። እኩልታ መፍታት የለም። መደመር፣ መቀነስ፣ ማካፈል ብቻ።

የቅድሙን ቢም በዚህ ብንሠራው ሁለት መስመር አይፈጅም። ሁሉም ሲቆለፍ በየጫፉ 60 ሞመንት አለ፤ ደብልዩ ኤል ስኩዌር በአሥራ ሁለት። መሃል ላይ የግራው 60 እና የቀኙ 60 ይጣፋሉ፤ የሚከፋፈል የለም። የዳር ሳፖርቶች ግን ሞመንት መያዝ ስለማይችሉ 60ውን እንለቀዋለን፤ ግማሹ 30 ወደ መሃል ይሻገራል። 60 ላይ 30 ሲደመር 90። በቃ። እኔ ይህን ዘዴ ከሌሎቹ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ቢሙ ሲታሰርና ሲለቀቅ በዓይን ይታያል።

ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያው ግን ወደ አማርኛ ማዘንበሉ አይቀርም። «ይቺን ሞመንት አሻግሯት» ይባላል። ሞመንት የራሷ የአማርኛ ስም አላገኘችም፤ ስትጠራ ግን ሴት ሆናለች። የተማሪው ትልቁ ጠላት ደግሞ ማይነስ ነው። በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረውን ፖዘቲቭ ብለህ ጀምረህ መሃል ላይ ከረሳኸው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ቆንጆ ስሌት ገደል ይገባል። ጥሩ አራሚ ለሄድክበት መንገድ ነጥብ ይሰጣል። መልሱን ብቻ የሚያይም አለ፤ እሱ እጅ ላይ መውደቅ ነው መጥፎው። ከፈተና በፊት ሲኒየሮችን ለምኖ ያለፈ ዓመት ፈተና መሰብሰብ የተለመደ ነው። ይጠቅማልም፤ የተሠራውን እያዩ መስማማት ግን መሥራት አይደለም። ባዶ ወረቀት ላይ ራስ ሲሠራው ነው ጉዱ የሚታየው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ስላለ የተረሳ ስትራክቸር በመጨረሻው ዓመት ተመልሶ በር ያንኳኳል።

«ኢታብስ (ሕንፃ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቢሮ ውስጥ ክሮስን በእጅ የሚሠራ የለም። ኢታብስም ሆነ ሳፕ 2000 ሕንፃውን በማትሪክስ ይፈታሉ። በየፎቁ 20 ኮለም ያለው ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ 200 መገጣጠሚያ አለው። እያንዳንዱ በ6 መንገድ ይንቀሳቀሳል፤ 1200 ያልታወቀ ነገር ሆነ። ኮምፒውተሩ በቅጽበት ይጨርሰዋል። የመሬት መንቀጥቀጥም ይጨመርበታል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ይህ ክፍል የወረቀት ፎርማሊቲ ነው የሚል ሰው ቀንሷል።

ግን ማሽኑ የሚፈታው የተሰጠውን ነው። ፊክስድ (እንዳይዞር የታሰረ) የሆነውን ሳፖርት ፒን (መዞር የሚችል) ብለህ ብትሞላ ባለቀለም ውብ ዲያግራም ያወጣልሃል፤ ስህተት መሆኑን አይነግርህም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1991 ኖርዌይ ውስጥ ስሌይፕነር ኤ የሚባል የባሕር ላይ የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረቱ ለሙከራ ወደ ውኃ ዝቅ ሲደረግ ተሰንጥቆ ሰጠመ። የኮምፒውተር ሞዴሉ በአንዳንድ ግድግዳዎች ላይ ያለውን የሺር ኃይል በ47 በመቶ አሳንሶ ገምቶት ነበር። ሰው አልሞተም፤ ኪሳራው ግን በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ተቆጠረ። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራው ስሌት ያ ግድግዳ 62 ሜትር ጥልቀት ላይ መሰበር እንዳለበት አሳየ። የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነበር።

ተማሪው ኢንተርንሺፕ ሲወጣ ይህን ሁሉ ይዞ ሳይት ይገባል። ቋንቋው እዚያ ሌላ ነው። ስላብ ሶሌታ ይሆናል፣ ስቲረፕ (ዋናውን ፌሮ የሚያቅፈው የብረት ቀለበት) ስታፋ ይሆናል። እኔ የወጣሁበት ሳይት ላይ አንድ ሸምገል ያሉ የፌሮ ሠራተኛ ነበሩ። ኮለሙ ጋ ሲደርሱ የላይኛውን ብረት ይጨምራሉ፤ ቢሙ መሃል ላይ ሲደርሱ ወደ ታች ይመለሳሉ። ድሮዊንጉን እምብዛም አያዩም። ለምን እዚህ ጋ ላይኛው በዛ ብዬ ጠየቅኳቸው። በልቤ ደብልዩ ኤል ስኩዌር በስምንት እያልኩ ነበር።

«ካልሆነ ይሰነጠቃላ!» አሉኝና ፒንሳቸውን አነሡ።