ፈጣን ልጅ ካለህ ኳሷን የት ትሰጠዋለህ? የኮሌጅ ፉትቦል ፕሌይ አሠራር

ፉትቦል ስል የአሜሪካኑን ነው፣ ሄልሜት የሚደረግበትን፣ እሱም የኤንኤፍኤሉን (የፕሮፌሽናሎቹን ሊግ) ሳይሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጫወቱትን። ለማያውቀው ባጭሩ 11 ለ11 ነው፣ ኳሷን የያዘው አጥቂ ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) መሄድ አለበት፣ ካልቻለ ኳሷን ያስረክባል። እያንዳንዱ ሙከራ ማን የት እንደሚሮጥ፣ ማን ማንን እንደሚገፋ ቀድሞ የተጠና ነው፣ ፕሌይ የሚባለውም ይሄ ነው። እና አንድ ቡድን ከሁሉም የሚፈጥን ልጅ ሲያገኝ የአሰልጣኙ ራስ ምታት ልጁ ኳሷን ሲይዝ ከፊቱ ማን ይኖራል የሚለው ነው፣ ምክንያቱም መሀል ላይ 130 እና 140 ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች በሚጋጩበት ቦታ ብትሰጠው ፍጥነቱ ምንም አያደርግለትም፣ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይደፋል።

የኮሌጅ ሜዳ ራሱ ለዚህ ነገር ይመቻል። ወርዱ ከኤንኤፍኤሉ እኩል ነው፣ 49 ሜትር ገደማ፣ ልዩነቱ ሀሽ ማርክ ላይ ነው። ሀሽ ማርክ ማለት በሜዳው ርዝመት የሚሄዱት ሁለት የጭረት ረድፎች ናቸው፣ ሙከራው ዳር ላይ ካለቀ ኳሷ ወደምትቀርበው ረድፍ ተመልሳ ነው ቀጣዩ የሚጀመረው። ኤንኤፍኤል ላይ ረድፎቹ ስለሚቀራረቡ ኳሷ ሁሌም መሀል አካባቢ ናት፣ ኮሌጅ ላይ ግን በመሀላቸው 12 ሜትር አለ፣ ስለዚህ ኳሷ አንዱ ረድፍ ላይ ስትቀመጥ ባንድ በኩል 18 ሜትር በሌላው በኩል 30 ሜትር ክፍት ሜዳ ይኖራል። አሰልጣኞቹ ፈጣኑን ልጅ ወደዛ 30 ሜትር ነው የሚልኩት።

ዋናው መንገድ ጄት ስዊፕ ነው። ልጁ ዳር ላይ ይቆማል፣ ኳርተርባኩ (ኳሷን መጀመሪያ ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ተጫዋች) እግሩን ብድግ ሲያደርግለት ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ መሮጥ ይጀምራል (ኳሷ ስትነሳ ከአጥቂው ቡድን አንድ ሰው ብቻ መንቀሳቀስ ይችላል፣ እሱም ወደፊት ካልሄደ ነው)፣ ኳርተርባኩ አጠገብ ሲደርስ ኳሷ ትነሳና እጁ ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። ተከላካዩ ከቆመበት ሊነሳ ነው፣ ልጁ ግን ሙሉ ሩጫው ላይ ነው። ሚስጥሩ ይቺ ናት፣ ውድድሩ ሳይጀመር አንዱ ቀድሞ ሮጧል ማለት ነው።

አደጋው ደግሞ በዛ ፍጥነት የሚሰጥ ኳስ ይወድቃል፣ መሬት ላይ ከወደቀ ፈምብል ነው፣ ማንም ያነሳዋል። ለዚህ የተገኘው መላ በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ኳርተርባኩ ኳሷን በእጁ አይሰጠውም፣ ከፊቱ ለሚያልፈው ልጅ ወደፊት ትንሽ ብድግ ያደርግለታል። በህጉ ይሄ ፓስ ነው፣ ስለዚህ ብትወድቅ ያልተያዘ ፓስ ሆነ ተብሎ ሙከራው ብቻ ይቃጠላል እንጂ ኳሷ አትጠፋም። ዌስት ቨርጂኒያ በአሰልጣኝ ዴና ሆልጎርሰን ጊዜ በ2012 ኦሬንጅ ቦውል (ቦውል የሚባሉት የውድድር ዘመኑ ማብቂያ ጨዋታዎች ናቸው፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ክሌምሰንን 70 ለ33 ሲቀጣ ፈጣኑ ልጅ ታቮን ኦስቲን 4 ታችዳውን (ኳሷን የተጋጣሚ መጨረሻ መስመር ማሳለፍ፣ ጎል እንደማለት) ይዟል፣ የተወሰኑት እንደዚህ ከፊት ብድግ የተደረጉለት ናቸው፣ ስታቲስቲክሱ ላይ ግን የኳርተርባኩ የጂኖ ስሚዝ ፓስ ተብለው ነው የተጻፉት።

ሌላው ነገር ተከላካዮቹን አድክሞ መሀሉን መክፈት ነው። ኦሬገን በቺፕ ኬሊ ዘመን በየሙከራው መሀል ተሰብስቦ መነጋገር የሚባለውን ነገር ትቶት ነበር፣ ቶሎ ቶሎ ይጀምራሉ፣ ኳርተርባኩ አንድ ተከላካይ ሆን ተብሎ ሳይገፋ ሲቀርለት እሱን እያየ ኳሷን ይሰጣል ወይ ራሱ ይዞ ይሮጣል። በ2012 ሮዝ ቦውል ዲአንተኒ ቶማስ ዊስኮንሲን ላይ ኳሷን ይዞ የሮጠው ሁለቴ ብቻ ነው፣ አንዱ 91 ያርድ ሌላው 64 ያርድ፣ ሁለቱም ታችዳውን። ኦሬገን 45 ለ38 አሸነፈ።

ወደ ጎን ብቻም አይደለም። ቴነሲ በጆሽ ሃይፐል ሥር ሪሲቨሮቹን (ፓስ የሚይዙትን) ዳሩ መስመር ላይ ሊያስወጣቸው እስኪደርስ ይበትናቸዋል፣ ተከላካዮቹም አብረው ሲበተኑ መሀል ላይ የቆመው ፈጣን ልጅ አንድ ለአንድ ይቀራል፣ ከዛ ቀጥ ብሎ መሮጥ ነው። ኦክቶበር 2022 አላባማን 52 ለ49 ሲያሸንፉ ጄሊን ሃያት በ6 ኳስ 207 ያርድ እና 5 ታችዳውን አገኘ።

እኔ መጀመሪያ ሳይ ኳሷን ብቻ ነበር የምከተለው፣ ስለዚህ ግማሹ ነገር ያመልጠኝ ነበር። ጄት ስዊፑ ሁለት ሦስቴ ከሠራ በኋላ ልጁ ባዶ እጁን ሲሮጥ እንኳን ላይንባከሩ (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆመው ተከላካይ) ሁለት እርምጃ አብሮት ይሄዳል፣ እነዛ ሁለት እርምጃዎች መሀል ላይ በር ይከፍታሉ፣ ኳሷ በዛ ታልፋለች። ፍሎሪዳ በ2006 እና በ2008 ሻምፒዮን ሲሆን ፐርሲ ሃርቪንን አንዴ ሪሲቨር አንዴ ከኳርተርባኩ ጎን እያቆመ ተከላካዩን የት ነው ያለው እያስባለ ይጫወት ነበር፣ ብዙ ጊዜ ኳሷ ወደሱ ባትሄድም አይን ይዞ ይሄዳል።

የኦስቲንን ነገር ግን ልጨርሰው። ኖቬምበር 2012 ኦክላሆማ ላይ ሆልጎርሰን ዳር ማቆሙን ትቶ ከኳርተርባኩ ጎን ከኋላ አቆመው፣ ልጁ በሩጫ ብቻ 344 ያርድ፣ ሁሉም ሲደመር 572 ያርድ ሄደ። ኦክላሆማ ግን 24 ሰከንድ ሲቀር ታችዳውን አስቆጥሮ 50 ለ49 አሸነፈ፣ ያኔ ኦስቲን ዳር ቆሞ ነበር የሚያየው፣ ተራው የተከላካዮቹ ነበራ።